ድምፅ ርስት አይደለም
(ስለ ስኮትላንድ መራጮችና ፓርቲዎች)

ባለፈው ሰሞን ከእራት በኋላ በመኝታ ክፍላችን ተሰብስበን ስንከራከር አንድ ጓደኛችን «መራጭ ሕዝብ ወላዋይ ነው፤ ትናንት ያጨበጨበለትን ዛሬ ይጥለዋል» ሲል በቁጣ ተናገረ። አብዛኞቻችንም ራሳችንን በመነቅነቅ አጸደቅንለት። በማግሥቱ ነገሩን ረጋ ብለን ስንመረምረው ግን ተገልብጦ የቀረበ መሰለን። ድምፁን የለወጠ መራጭ ከሐዲ ነውን? ወይስ ይበልጥ የሚያሳዝነው ድምፁን ለመለወጥ የማይችለው መራጭ ነው? ይህን ጥያቄ በሐሳብ ብቻ ከምናተራምሰው፣ ታማኝነቱን ደጋግሞ የለወጠን የአንድ አገር ሕዝብ ታሪክ በአኃዝ መመልከት ይሻላል ብለን ስለ ስኮትላንድ ለመጻፍ ተነሣን። ከዚህ በታች የሚገኙት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢያን ይወቁልን።

ስኮትላንድ በብሪታንያ ደሴት በስተ ሰሜን የምትገኝ፣ አምስት ሚሊዮን ተኩል ያህል ሕዝብ ያላት አገር ናት። በ1707 የራሷን ፓርላማ ዘግታ ከእንግሊዝ ጋር በአንድ ፓርላማ ተዋሐደች። ከ1999 ወዲህ ግን ሕዝቧ ለሁለት ምክር ቤቶች ይመርጣል። አንደኛው በለንደን ያለው የመላው ብሪታንያ ፓርላማ ነው፤ ስለ ጦር ሠራዊት፣ ስለ ውጭ ጉዳይና ስለ አብዛኛው ግብር ይወስናል። ሁለተኛው በኤዲንበራ የሚገኘው የስኮትላንድ ፓርላማ ሲሆን ስለ ትምህርት፣ ስለ ሕክምና፣ ስለ ፍርድ ቤትና ይህን ስለመሳሰለው ይወስናል። ይህ የሁለት ቤት ነገር ኋላ ለምንናገረው ቍልፍ ስለሆነ አንባቢ ይያዝልን።

በመጀመሪያ ድምፅ እንደ ርስት ይወረስ ስለነበረበት ዘመን እንናገር። በ1955 በተደረገው ምርጫ በስኮትላንድ ዩኒየኒስት ይባሉ የነበሩት ወግ አጥባቂዎች ከነተባባሪዎቻቸው ከመራጩ ድምፅ ግማሹን፣ ከ71ዱ የለንደን መቀመጫዎችም 36ቱን አግኝተው ነበር። ለዚህ አንዱ ምክንያት ሃይማኖት ነው። በግላስጎው አካባቢ በመርከብ ሥራ ላይ ከተሰማሩት ፕሮቴስታንት ሠራተኞች ብዙዎቹ ለዩኒየኒስቶች ሲመርጡ፣ ቤተ ሰቦቻቸው ከአየርላንድ የመጡት ካቶሊኮች ደግሞ ሌበር ለተባለው የሠራተኛ ፓርቲ ይመርጡ ነበር። በአንድ መሥሪያ ቤት አንድ ዓይነት ደመወዝ የሚቀበሉ ሁለት ሰዎች፣ ስለ ደመወዛቸው ሳይሆን ስለ አባቶቻቸው ቤተ ክርስቲያን ሲሉ በተለያየ ሳጥን ገቡ ማለት ነው።

በዚህ ላይ ለመሳቅ አንቸኩል። በተማሪዎች ኅብረታችን ምርጫ ጊዜ ዕጩው የሚናገረውን ሳንሰማ «የየት አገር ልጅ ነው?» ብለን የምንጠይቅ ስንቶቻችን ነን? እኛም ራሳችን ባለፈው ዓመት ለአገራችን ልጅ ድምፃችንን ሰጥተን፣ እሱ ዓመቱን ሙሉ አንድ ስብሰባ እንኳ ሳይጠራ ሲቀር የገዛ ወገናችን ነውና ለመውቀስ አፍረን ዝም ብለናል። የውርስ ድምፅ ትልቁ ጉዳቱ ይህ ነው፤ ሰጭውን ዝም ያሰኛል፣ ተቀባዩን ያሰንፋል።

የዩኒየኒስቶች ርስት በአንድ ቀን አልፈረሰም። የቤተ ክርስቲያን ተሳላሚው ቍጥር እየቀነሰ ሄደ፤ የመርከብ መሥሪያዎችና የከሰል ማዕድኖች እየተዘጉ ሠራተኛው ተበተነ፤ በ1965ም ፓርቲው የቀድሞ ስሙን ትቶ ከእንግሊዙ ወግ አጥባቂ ፓርቲ ጋር ተዋሐደና ለብዙ ሰው የጎረቤት ፓርቲ መስሎ ታየው። ከ1979 ጀምሮ በማርጋሬት ታቸር የተመራው መንግሥት ሥልጣን ሲይዝ ነገሩ ባሰ። በ1989 ሀብታሙም ድኃውም በእኩል የሚከፍለው የነፍስ ወከፍ ግብር በስኮትላንድ ላይ ተጣለ፤ ለእንግሊዝና ለዌልስ የደረሰው ግን ከአንድ ዓመት በኋላ ነበር። ስኮትላንዳዊው ያልመረጠው መንግሥት መሞከሪያ አደረገኝ ብሎ አዘነ። በ1997 ምርጫ ወግ አጥባቂዎቹ ከመቶ 17 ተኩል ያህል ድምፅ ቢያገኙም ከስኮትላንድ አንድ መቀመጫ እንኳ አላገኙም። በ42 ዓመት ውስጥ ከ36 መቀመጫ ወደ ባዶ እጅ ማለት ነው።

ርስቱ ወደ ሌበር ዞረ። ይኸው ፓርቲ በ1987 ከ72ቱ መቀመጫዎች 50ውን፣ በ1997 ደግሞ 56ቱን ወሰደ። ወዲያውም ለስኮትላንድ የራሷን ፓርላማ ለመመለስ የገባውን ቃል ፈጸመ፤ በዚያው ዓመት በመስከረም በተደረገው ውሳኔ ሕዝብ ከመቶ 74 የሚሆነው መራጭ ደገፈው። ብዙ የሌበር ሰዎች ይህ ስጦታ የስኮትላንድ ነፃነት የሚጠይቀውን የስኮትላንድ ብሔራዊ ፓርቲን ጥያቄ የሚዘጋ መስሏቸው ነበር። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። ለምን ይሆን?

አስቀድመን የጠቀስነው የሁለት ቤት ነገር እዚህ ላይ ይመጣል። ለአንድ ምክር ቤት ብቻ የሚመርጥ ሰው ፓርቲውን መተው ከቤተ ሰቡ እንደ መለየት ይከብደዋል። ሁለት ምክር ቤት ያለው ግን ሳይለይ መሞከር ይችላል። በለንደን ወግ አጥባቂውን የሚከላከልለት ሌበር ነውና ድምፁን ለሌበር ያኖራል፤ በኤዲንበራ ደግሞ ስለ ስኮትላንድ ማን ይበልጥ ይሠራል ብሎ ብሔራዊውን ፓርቲ ይሞክራል። በ2007 ብሔራዊው ፓርቲ በኤዲንበራ 47፣ ሌበር 46 መቀመጫ አገኙና በአንድ መቀመጫ ብልጫ የአሌክስ ሳልመንድ መንግሥት ቆመ። ከዚያ በኋላ የመጣው ይበልጥ ያስገርማል። በግንቦት 2010 ለለንደን በተደረገው ምርጫ ሌበር በስኮትላንድ ከመቶ 42 እጅ ድምፅና ከ59ኙ መቀመጫ 41ዱን ሲያገኝ፣ ብሔራዊው ፓርቲ ከመቶ 20 የማይሞላ ድምፅና 6 መቀመጫ ብቻ ነበረው። ልክ በዓመቱ በግንቦት 2011 ያው ሕዝብ በኤዲንበራ ለብሔራዊው ፓርቲ ከ129ኙ መቀመጫ 69ኙን ሰጠ።

ይህ ውጤት የተገኘው በቀላል ሕግ አልነበረም። በኤዲንበራ መራጩ ሁለት ድምፅ አለው፤ በአንደኛው የወረዳውን ሰው፣ በሁለተኛው ፓርቲ ይመርጣል። 73ቱ መቀመጫ በወረዳ፣ 56ቱ በፓርቲ ዝርዝር ይታደላል። በወረዳ ብዙ ያገኘ ፓርቲ ከዝርዝሩ ጥቂት እንዲደርሰው ተደርጎ የተሠራ ነውና አንድ ፓርቲ ብቻውን ከግማሽ በላይ መያዝ ይቸግረዋል። ብሔራዊው ፓርቲ ይህን ግድብ ዘልሎ አለፈ።

እንግዲህ በ2010 ሌበርን መርጦ በ2011 የተወው ሰው ወላዋይ ነውን? አይደለም። ሁለት ልዩ ልዩ ጥያቄ ቀርቦለት ሁለት ልዩ ልዩ መልስ ሰጠ እንጂ። የመራጭ ታማኝነት ሲለወጥ ብዙውን ጊዜ የሚለወጠው የሰውየው ጠባይ ሳይሆን የተጠየቀው ጥያቄ ነው። ይህ የጽሑፋችን ዋና ሐሳብ ነው።

በመስከረም 2014 ሁሉን የሚውጥ አዲስ ጥያቄ ቀረበ፤ ስኮትላንድ ነፃ አገር ትሁን ወይስ አትሁን? ዕድሜያቸው 16ና 17 የሆናቸው ወጣቶች ሳይቀሩ ከተመዘገበው መራጭ ከመቶ 84 የሚበልጠው ድምፁን ሰጠ። ከመቶ 55 የሚሆነው «አትሁን»፣ 45 የሚሆነው «ትሁን» አለ። ብሔራዊው ፓርቲ በጥያቄው ተሸነፈ፤ በምርጫው ግን አሸናፊ የሆነው በዚሁ ሽንፈት ነው። ምክንያቱም ሌበር ከወግ አጥባቂዎቹ ጋር በአንድ ሰልፍ «አትሁን» ሲል፣ የሌበር ምሽግ የነበረችው ግላስጎው ከግማሽ በላይ «ትሁን» ብላ ነበርና። ስንት ዘመን ወግ አጥባቂን በመጥላት የሌበር ወዳጅ የሆነ ሠራተኛ፣ ፓርቲውን ከጠላቱ ጋር ትከሻ ለትከሻ ቆሞ ባየው ጊዜ የመጨረሻው ገመድ ተበጠሰ።

በግንቦት 2015 ብሔራዊው ፓርቲ ከ59ኙ የለንደን መቀመጫዎች 56ቱን ጠራርጎ ወሰደ። ለሌበር ከ41ዱ የቀረው አንድ ብቻ ነበር። በግላስጎው አጠገብ በምትገኘው በፔዝሊ አንድ ወረዳ፣ ዳግላስ አሌግዛንደር የተባሉት የቀድሞ ሚኒስትር ባለፈው ምርጫ ከ16 ሺሕ በሚበልጥ ድምፅ አሸንፈውበት ነበር። በዚህ ጊዜ ያሸነፈቻቸው ማሪ ብላክ የምትባል የ20 ዓመት ወጣት ናት፤ በግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ትምህርቷን ገና ያልጨረሰች የፖለቲካ ተማሪ ነበረች። ለፈተና መትጋት የሚገባንን ሰዓት በክርክር ለምናሳልፈው ለእኛ ይህ ወሬ ያኮራናል፤ ያሳፍረናልም።

ሆኖም የመቀመጫውን ቍጥር ብቻ አይቶ «ሕዝቡ ሁሉ ተገለበጠ» የሚል ይሳሳታል። በ2015 ብሔራዊው ፓርቲ ያገኘው ድምፅ ከመቶ 50 እጅ፣ የያዘው መቀመጫ ግን ከመቶ 95 እጅ ነው። ለለንደን ፓርላማ በየወረዳው ከሌሎቹ አንድ ድምፅ የበለጠው ዕጩ ብቻ ያልፋል። ነፃነት ፈላጊው ግማሽ በአንድ ፓርቲ ሲሰበሰብ፣ የቀረው ግማሽ በሦስትና በአራት ፓርቲዎች ተከፋፍሎ ባከነ። የእኛም አገር በ1987 ዓ.ም. በወጣው ሕገ መንግሥት የሕዝብ ተወካዮችን የምትመርጠው በዚሁ ዓይነት የአብላጫ ድምፅ ሥርዓት ስለሆነ፣ ይህ ሒሳብ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም።

ሒሳቡ የጠቀመውን መልሶ ይጎዳል። በ2017 ብሔራዊው ፓርቲ በመቶ 37 እጅ ድምፅ 35 መቀመጫ፣ በ2019 በመቶ 45 እጅ 48 መቀመጫ አገኘ። በ2024 ጥያቄው ዳግመኛ ተለወጠ። ከ14 ዓመት በኋላ ወግ አጥባቂውን መንግሥት ከለንደን ማን ያወጣዋል የሚል ሆነ፤ ለዚህ ሌበር ይሻላል ተባለ። በኤዲንበራ ደግሞ ብሔራዊው ፓርቲ 17 ዓመት ገዝቶ ነበርና የሐኪም ቤቱ ወረፋም፣ የትምህርት ቤቱም ጉድለት በእሱ ላይ ይቈጠር ጀመር። ሌበር ከመቶ 19 ከማይሞላ ድምፅ ወደ 35 ቢወጣ፣ መቀመጫው ከአንድ ወደ 37 ዘለለ። ብሔራዊው ፓርቲ ገና ከመቶ 30 እጅ ድምፅ እያለው ከ57ቱ መቀመጫ 9 ብቻ ቀረው። ግላስጎው በ2010 ሰባቱንም መቀመጫ ለሌበር፣ በ2015 ሰባቱንም ለብሔራዊው ፓርቲ፣ በ2024 ስድስት ሆነው የተሸነሸኑትን በሙሉ ለሌበር ሰጠች። ዳግላስ አሌግዛንደርም በሌላ ወረዳ ተወዳድረው ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ወደ ፓርላማ ተመለሱ።

ከሁሉ ይልቅ ልናስተውለው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ብሔራዊው ፓርቲ በ2024 እንዲህ ሲወድቅ፣ በዚያው ሰሞን በተደረጉት የሕዝብ አስተያየት መጠይቆች ነፃነትን የሚደግፈው ሰው አሁንም ወደ ግማሽ ይጠጋ ነበር። ሰዎቹ ሐሳባቸውን አልጣሉም፤ ሐሳባቸውን የተሸከመውን ፓርቲ ግን ሥራውን አይተው ቀጡት። ሐሳብና ፓርቲ፣ ወዳጅነትና ድምፅ የተለያዩ መሆናቸውን ያወቀ መራጭ ማለት ይህ ነው።

አሁን ወደ ጓደኛችን ንግግር እንመለስ። የስኮትላንድ ሠራተኛ ከአባቱ ቤተ ክርስቲያን የወረሰውን ድምፅ ለሌበር፣ ከሌበር ለብሔራዊው ፓርቲ፣ ከዚያም ብዙው መልሶ ለሌበር ሲያዛውር ያየ ሰው «ወላዋይ» ሊለው ይችላል። እኛ ግን ባለዕዳውን የሚጠይቅ አበዳሪ ሆኖ ታየን። ርስት ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል፤ ብድር ግን ቀኑ ሲደርስ ሒሳብ ይጠየቅበታል። ይህ እንዲሆን አንድ ነገር ያስፈልጋል፤ ይኸውም መሸነፍ ጥፋት አለመሆኑ ነው። የተሸነፈው ሚኒስትር ወደ ቤቱ ገብቶ ዘጠኝ ዓመት ቆይቶ እንደገና የሚወዳደር ከሆነ፣ የጣለውም መራጭ ያለ ፍርሃት ይጥለዋል። መሸነፍ ሞት የሆነ እንደሆነ ግን መራጩም ስለ ወገኑ ሕይወት ሲል በወገኑ ላይ ተጣብቆ ይቀራል፤ ይህንም ታማኝነት እንለዋለን።

የኅብረታችን ምርጫ ቀርቧል። አገራችንን የሚያህል ጉዳይ አይደለም፤ መለማመጃ ግን ይሆናል። እኛ ባለፈው ዓመት ዝም ያልነውን የአገራችንን ልጅ ዘንድሮ በስብሰባ መካከል ተነሥተን «ምን ሠራህ?» ብለን ልንጠይቀው ተስማምተናል። የሚያረካ መልስ ካልሰጠን ድምፃችን ወደ ሌላው ይሄዳል፤ ከምርጫው በኋላ ግን እንደ ወትሮው አብረን ሻይ እንጠጣለን።