ምራቂ ወይስ ዕዳ? ስለ ሆቴል የደንበኝነት ነጥብና ስለ ማልዲቭስ «ነፃ» ሌሊቶች

በሕንድ ውቅያኖስ መካከል በምትገኘው በማልዲቭስ፣ ለአንድ ሌሊት ከአንድ ሺሕ ዶላር በላይ የሚጠየቅባቸው የመዝናኛ ሆቴሎች ብዙ ናቸው። በነዚሁ ሆቴሎች ውስጥ ግን ለክፍሉ አንድም ዶላር ሳይከፍሉ አምስትና ስድስት ሌሊት የሚያድሩ እንግዶች ይገኛሉ። እነርሱ በገንዘብ ፈንታ የሚያቀርቡት «የደንበኝነት ነጥብ» የሚባለውን ነው። ይህ ነገር እንደ ስጦታ ሆኖ ሲነገር ስለሚሰማ፣ በእውነት ስጦታ ነውን? ካልሆነስ ዋጋውን የሚከፍለው ማነው? የሚሉትን ሁለት ጥያቄዎች በዚህ አጭር ጽሑፍ ለመመርመር አስበናል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

፩. የነጥብ አመጣጥ

ለደንበኛ ውለታ መመለስ አዲስ ነገር አይደለም። የገበያ ነጋዴም ለቆየ ደንበኛው በሚዛኑ ላይ ምራቂ ይጨምርለታል። ይህን ልማድ በመዝገብና በቁጥር ወደሚመራ ትልቅ ሥራ የለወጡት በመጀመሪያ የአሜሪካ አየር መንገዶች ናቸው። አሜሪካን ኤርላይንስ በግንቦት 1981 የተጓዡን ርቀት እየቆጠረ ነፃ በረራ የሚሰጥበትን ሥርዐት አቋቋመ። ሆሊደይ ኢንና ማሪዮት በ1983፣ ሒልተንና ሐያት በ1987 ይህንኑ መንገድ ተከተሉ። የኛም አየር መንገድ ሼባ ማይልስ የሚለው ሥርዐት ከዚሁ ዘር የመጣ ነው።

በሆቴሎቹ ደንብ መሠረት እንግዳው ለክፍሉ በከፈለው በእያንዳንዱ ዶላር የተወሰነ ነጥብ ይመዘገብለታል። ይህም በአብዛኞቹ የማሪዮትና የሒልተን ሆቴሎች አሥር፣ በሐያት አምስት ነጥብ ነው። እንግዲህ በአሥር ነጥብ ሒሳብ መቶ ሺሕ ነጥብ ለመሰብሰብ የአሥር ሺሕ ዶላር አዳር ያስፈልጋል ማለት ነው።

፪. ነጥብ ምንድን ነው?

ምራቂና ነጥብ የሚለያዩበትን ነገር አንባቢ ልብ እንዲል እንወዳለን። ምራቂ በዚያው ሰዓት በገዢው ዘምቢል ውስጥ ይገባል። ነጥብ ግን «ወደፊት እንሰጥሃለን» የሚል ቃል ነው። ስለዚህም ኩባንያዎቹ በሒሳብ መዝገባቸው ነጥብን የሚያሰፍሩት በዕዳ ዐምድ ነው። በማሪዮት መዝገብ ይህ ዕዳ በቢሊዮን ዶላር የሚቆጠር ነው።

ዕዳው የሚከፈልበት መንገድ እንዲገባን ሌላም ነገር ማወቅ አለብን። ይኸውም የሆቴሉ ባለቤትና በበሩ ላይ ስሙ የተጻፈው ኩባንያ ብዙ ጊዜ አንድ አለመሆናቸው ነው። በ1998 የተከፈተውን ሸራተን አዲስን ለምሳሌ ብንወስድ፣ ሆቴሉን ያሠሩት ሼክ መሐመድ ሁሴን አል አሙዲ ሲሆኑ፣ ሸራተን የሚለው ስም የውጭ ኩባንያ ንብረት ነው። ስሙም ከ2016 ጀምሮ በማሪዮት ሥር ሆኗል። በማልዲቭስም አሠራሩ ይህንኑ ይመስላል። አባል የሆነ እንግዳ በገንዘቡ ባደረ ቁጥር፣ የሆቴሉ ባለቤት ከሒሳቡ የተወሰነውን እጅ ወደ ኩባንያው የነጥብ ሣጥን ያስገባል። እንግዳው በነጥቡ ሲያድር ደግሞ ሣጥኑ ለባለቤቱ ይከፍላል። ሆቴሉ ባዶ ክፍሎች ባሉት ጊዜ ይህ ክፍያ ዝቅተኛ ሲሆን፣ ሆቴሉ ሊሞላ ሲቃረብ ግን ወደ መደበኛው ዋጋ ይጠጋል። በነጥብ የሚያዘውም በአመዛኙ «መደበኛ» የተባለው ክፍል ስለሆነ፣ አንዳንድ የደሴት ሆቴሎች በዚህ ስም የሚጠሯቸውን ክፍሎች ቁጥር ጥቂት ያደርጋሉ።

፫. ዋጋውን የሚተምነው ማነው?

በተራ ብድር የዕዳው ልክ በውሉ ላይ ተጽፎ ይቆያል፤ ባለዕዳው ብቻውን ሊለውጠው አይችልም። በነጥብ ግን ነገሩ ተገላብጦ እናገኘዋለን፤ አንድ ሌሊት ስንት ነጥብ እንደሚያስከፍል የሚወስነው ባለዕዳው ኩባንያ ራሱ ነው። ቀድሞ እያንዳንዱ ሆቴል በየትኛው ደረጃ እንዳለና የየደረጃው ዋጋ ስንት ነጥብ እንደሆነ የሚያሳይ ሠንጠረዥ ለአባላት ይወጣ ነበር። ሒልተን በ2017፣ ማሪዮት በ2022 ይህን ሠንጠረዥ ትተው ዋጋው እንደ ወቅቱና እንደ ፈላጊው ብዛት ከፍና ዝቅ እንዲል አደረጉ። ሐያት ከነዚህ ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ ሠንጠረዡን ይዞ ቆየ።

በዚህ ላይ ነጥቡ ዕድሜ አለው። በማሪዮትና በሐያት ደንብ አባሉ 24 ወር ሙሉ ምንም እንቅስቃሴ ካላደረገ ነጥቡ ይሰረዛል። እንግዲህ ነጥብን እንደ ባንክ ገንዘብ ቆጥሮ ለዓመታት የሚያከማች ሰው፣ ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ እንደሚባለው እንዳይሆንበት ያሰጋል።

፬. በደሴቱ ላይ የሚደረግ ሒሳብ

ማልዲቭስን ለምሳሌ የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። አገሪቱ ወደ 1,200 በሚጠጉ ትንንሽ ደሴቶች የተከፋፈለች ስትሆን፣ የመጀመሪያው የመዝናኛ ሆቴል ኩሩምባ በ1972 ከተከፈተ ወዲህ የተለመደው አንዱን ደሴት ለአንድ ሆቴል መስጠት ነው። ስለዚህ እንግዳው ደሴቱን ከረገጠ በኋላ ምግቡም፣ መጠጡም፣ መጓጓዣውም ከአንድ ሻጭ እጅ ብቻ ይገኛል። ነጥቡ የሚከፍለው ክፍሉን እንጂ እነዚህን አይደለም።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን ለስሌት ብቻ የሚያገለግሉ ቁጥሮችን እናስቀምጥ። የአንድ ሌሊት ዋጋ ከግብርና ከአገልግሎት ክፍያ ጋር 1,200 ዶላር፣ በነጥብ ደግሞ 100,000 ነው እንበል። 1,200ን ለ100,000 ስናካፍል አንዱ ነጥብ 1.2 ሳንቲም ያወጣል። ማሪዮት በነጥብ አምስት ሌሊት ለሚያድር አባል የአንዱን ሌሊት ነጥብ ይተውለታል፤ ሒልተንም ከመጀመሪያው ደረጃ ከፍ ላሉ አባላቱ እንዲሁ ያደርጋል። በዚህ መንገድ 400,000 ነጥብ የ6,000 ዶላር አዳር ስለሚገዛ የነጥቡ ዋጋ ወደ 1.5 ሳንቲም ከፍ ይላል። እስከዚህ ድረስ ነገሩ መልካም ነው።

አሁን ወደ ሌላው ወጪ እንለፍ። ባልና ሚስት አምስት ሌሊት ያድራሉ። በባሕር ላይ በሚያርፈው ትንሽ አውሮፕላን ደርሶ መልስ ለአንድ ሰው 600 ዶላር ብንል ለሁለቱ 1,200 ይሆናል። ምግብ ለአንድ ሰው በቀን 200 ዶላር ቢሆን በአምስት ቀን ለሁለቱ 2,000 ይደርሳል። የአካባቢ ጥበቃ ግብሩ የግምት ቁጥር አይደለም፤ ከጥር 2025 ጀምሮ በመዝናኛ ሆቴሎች ለአንድ እንግዳ በሌሊት 12 ዶላር ስለሆነ በጠቅላላው 120 ይሆናል። ድምሩ 3,320 ዶላር ነው፤ ይህም ከሩቅ አገር የሚያመጣቸውን የአውሮፕላን ትኬት ሳይጨምር ነው። ደግሞም ትንሹ አውሮፕላን የሚበረው በቀን ብርሃን ብቻ በመሆኑ፣ ወደ ማታ ማሌ የሚደርስ ተጓዥ ሌላ ሆቴል ተከራይቶ ማደር ይኖርበታል።

፭. የሚከፍለው ማነው?

ብዙ ነጥብ የሚሰበሰበው ሆቴል በማደር ብቻ ሳይሆን በዱቤ ካርድ በመግዛትም ነው። ባንኩ ከሆቴሉ ኩባንያ ነጥብ በጅምላ ይገዛና ለካርዱ ባለቤት ያድላል። ባንኩ ለዚህ የሚያውለው ገንዘብ በከፊል የሚመጣው በካርድ ከሚሸጠው ነጋዴ ላይ ከሚቆረጠው ነው። ይህም በአሜሪካ ከሽያጩ ሁለት በመቶ ገደማ ይሆናል። የአውሮፓ ኅብረት በ2015 ባወጣው ደንብ ለተራ የዱቤ ካርድ ከ0.3 በመቶ እንዳይበልጥ ወስኗል፤ በአውሮፓ የካርድ ነጥብ ከአሜሪካ ይልቅ አነስተኛ የሆነበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ነጋዴው በበኩሉ የተቆረጠበትን በዕቃው ዋጋ ላይ ይጨምራል፤ ዋጋውም በካርድ ለሚከፍለውና በጥሬ ገንዘብ ለሚከፍለው ብዙውን ጊዜ አንድ ነው። በ2010 በቦስተን የፌዴራል ሪዘርቭ ባንክ ያወጣው ጥናት እንዳሰላው፣ በዚህ ምክንያት በአሜሪካ በጥሬ ገንዘብ የሚገዛ አንድ ቤተሰብ በአማካይ በዓመት 149 ዶላር ያጣል፤ በካርድ የሚገዛው ቤተሰብ ደግሞ 1,133 ዶላር ያገኛል። በጥሬ ገንዘብ የሚገዙት በአብዛኛው ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ናቸው። በዋሽንግተንና በአካባቢው ምግብ ቤትና ሱቅ የከፈቱ ወገኖቻችንም ካርድ በተቀበሉ ቁጥር ይህ ይቆረጥባቸዋል።

ሌላው ከፋይ አሠሪው ነው። ለሥራ የተላከ ሰው የሆቴሉን ሒሳብ የሚከፍልለት መሥሪያ ቤቱ ሲሆን ነጥቡ የሚመዘገበው ግን በሠራተኛው ስም ነው። አሜሪካ በ2001 መጨረሻ በወጣ ሕግ የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች በጉዞ ያገኙትን ለግላቸው እንዲወስዱ ፈቀደች። በጀርመን ግን በ2002 በመንግሥት ጉዞ የተገኘ የበረራ ነጥብ ለግል መዋሉ ሲገለጥ ብርቱ ክርክር ተነሥቶ ከሥልጣናቸው የወረዱ ፖለቲከኞች ነበሩ። ነገ በመንግሥትና በድርጅት ገንዘብ የምንጓዝ እኛ ተማሪዎችም ጥያቄው ይመለከተናል።

ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ ከዘረዘርነው እንደሚታየው ነጥብ ምራቂ አይደለም፤ ልኩን ባለዕዳው የሚተምነው ዕዳ ነው። ስለሆነም ነጥብ ያለው ሰው ብዙ ሳያቆይ ቢጠቀምበት፣ ከመጓዙ በፊትም የክፍሉን ብቻ ሳይሆን የመጓጓዣውን፣ የምግቡንና የግብሩን ድምር ቢያሰላ ይበጀዋል። ወለድ እየከፈለ በዱቤ ካርድ ነጥብ የሚሰበስብ ግን ይከስራል፤ በቅርብ ዓመታት የአሜሪካ ካርዶች ወለድ በዓመት ከ20 በመቶ በላይ ስለሆነ ከነጥቡ ዋጋ እጅግ ይበልጣል።

በማልዲቭስ ከ2009 ወዲህ የአገሬው ሰው በሚኖርባቸው ደሴቶች ላይም ትንንሽ የእንግዳ ማረፊያዎች እንዲከፈቱ ተፈቅዷል። እነዚህ የትልልቆቹን ኩባንያዎች ነጥብ አይቀበሉም፤ የሌሊቱ ኪራይ ግን በመዝናኛ ሆቴል ለምግብ ብቻ ከሚወጣው የሚያንስባቸው ጥቂት አይደሉም። «በነፃ» የሚለውን ቃል የሰማ ተጓዥ ሁለቱን ሒሳቦች ጎን ለጎን አድርጎ ቢያይ፣ የትኛው እንደሚረክስ ቁጥሩ ራሱ ይነግረዋል።