ፋኖስ የሌለው ወደብ፤ ባሮና የምዕራብ ቡና

ወደብ ሲባል የጅማና የአጋሮ ሰው አሳቡ ወደ ጂቡቲ ይሄዳል። ዳሩ ግን ከጅማ በበደሌ፥ በመቱና በጎሬ አድርጎ ወደ ምዕራብ የሚወርደው መንገድም የሚያደርሰው ወደ መርከብ ነበር፤ ይኸውም ጋምቤላ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

መርከብን በመብራት መምራት የቆየ ጥበብ ነው። ዝነኛው ግንብ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት በእስክንድርያ ፊት ለፊት በፋሮስ ደሴት ላይ ተሠራ፤ ጣልያኖች የባሕር መብራትን «ፋሮ» የሚሉት ከዚሁ ስም ወስደው ነው። በቀይ ባሕር በር በፔሪም ደሴት መብራት የቆመው በ1861 ነው፤ የስዊዝ ቦይ ሊከፈት 8 ዓመት ሲቀረው ማለት ነው። ቋጥኝ ቦታውን አይለቅም፤ ስለዚህ ግንቡ አንድ ጊዜ ከተሠራ መርከበኛው ብርሃኑን አይቶ አደጋው በየት በኩል እንዳለ ያውቃል።

በወንዝ ግን ነገሩ ሌላ ነው። አሸዋው በየክረምቱ ይዛወራል፤ አምና ጥልቅ የነበረው ዘንድሮ ደለል ይሆናል። ስለዚህ የወንዝ መርከብ መሪ የሚያነበው የውሃውን መልክ ነው፤ ከሁሉ ይልቅ ግን ወሩን ይቈጥራል።

ጋምቤላ ወደብ የሆነችው በውል ነው። በ1902 ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት የድንበር ውል፥ በ4ኛው አንቀጽ፥ በኢታንግ አካባቢ በባሮ ዳር ዳርቻው ከ2,000 ሜትር፥ ስፋቱም ከ400 ሄክታር የማይበልጥ ቦታ ለሱዳን መንግሥት ለንግድ ጣቢያ እንዲከራይ ፈቀዱ፤ ለፖለቲካና ለጦር ሥራ ግን እንዳይውል ተከለከለ። በመጨረሻ የተመረጠው ሥፍራ ከኢታንግ በላይ ያለው ጋምቤላ ሆነ። ቡና፥ ሰምና ቆዳ ከጎሬ ደጋ በበቅሎ እየወረደ በባሮ፥ በሶባትና በነጭ ዓባይ በእንፋሎት መርከብ ወደ ካርቱም ሄደ፤ በምላሹ ጨውና የጥጥ ጨርቅ መጣ።

ችግሩ ከዚህ ላይ ነው። መርከብ እስከ ጋምቤላ የሚደርሰው ውሃው በሚሞላበት በክረምት ወራት ብቻ ነው፤ ቡናው ግን በብዛት የሚለቀመው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ነው። በቅሎም ቢሆን ቁልቁለቱን የሚችለው መንገዱ ሲደርቅ ነው። ስለዚህ በበጋ የወረደው ቡና ወንዙ እስኪሞላ በመጋዘን ይጠብቃል፤ የነጋዴውም ገንዘብ አብሮት ታስሮ ይከርማል። መርከቡም መመለሻውን ካዘገየ አሸዋ ላይ ተቀምጦ ለመጪው ክረምት ይቀራል።

ለጋምቤላ መዳከም ብዙዎች ምክንያት የሚያደርጉት በ1917 አዲስ አበባ የደረሰውን የባቡር ሐዲድ ነው። እኔ ግን ሐዲዱ ያሸነፈው በፍጥነቱ ብቻ አይመስለኝም፤ በጥርም በሐምሌም መሄድ መቻሉ ነው።

ውሉ የሚጸናው ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ አስተዳደር ሥር እስካለች ድረስ ነበርና በ1956 ሱዳን ነጻ ስትወጣ ኪራዩ አበቃ፤ ጋምቤላም ለኢትዮጵያ ተመለሰች። ከ1993 ወዲህ ኢትዮጵያ የባሕር ዳርቻ የላትም፤ የጅማ ቡናም በመኪና ወጥቶ የሚሳፈረው በጂቡቲ ነው።