ሳይንሱ የሚመክረው፣ ላስታ የሚኖረው፦ ለአእምሮ ጤና የሚበጁ የዕለት ልማዶች ዳሰሳ

ለገና ወደ ላሊበላ ከሚጎርፈው ምእመን ከፊሉ ለቀናት በእግሩ ተጉዞ ነው የሚደርሰው። ብርዱ ይከብዳል፣ ስንቁ ደረቅ ነው፣ ማደሪያው ብዙ ጊዜ ሜዳ ነው። እንዲያም ሆኖ ተሳላሚው ሲመለስ ልቡ ቀለል እንዳለው ይናገራል። ተመራማሪዎች ይህን የመሰለ ጉዳይ በሕንድ፣ ያኔ አላሃባድ ትባል በነበረችው ከተማ ለክተውታል። በጋንጅስ ወንዝ ዳር ለአንድ ወር በሚቆየው የማግ ሜላ በዓል የተሳተፉ 416 ተሳላሚዎችን፣ እንዲሁም ያልሄዱ 127 ሰዎችን ከበዓሉ በፊትና በኋላ ጠየቁ። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመው ውጤት ግልጽ ነበር፤ ብርዱ፣ ጫጫታውና ግፊያው ሳያግደው የተሳላሚዎቹ ደኅንነት ካልሄዱት ይልቅ ተሻሽሏል።

መድኃኒትም ሐኪምም ሳይጨመርበት አእምሮን የሚያበረቱ የዕለት ልማዶችን የሚመረምረው ጥናት ባለፉት አሥርት ዓመታት በእጅጉ ሰፍቷል። ውጤቶቹ ጎን ለጎን ሲነበቡ፣ ሰውነትን በሚያንቀሳቅሱና ሰውን ከሰው በሚያገናኙ ልማዶች ላይ ብዙ ማስረጃ ተከማችቶ ይገኛል። እነዚህ ልማዶች ላሊበላ በምትገኝበት በላስታ ለሚኖር ሰው እንግዳ አይደሉም። የሚያስፈልገው እነርሱን አውቆ መጠበቅ፣ የማይደርሱበትንም ድንበር አውቆ ወደ ሕክምና መሻገር ነው።

እግርና ዳገት

ላሊበላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ በአካባቢዋ የሚነሣው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ደግሞ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። ወደ አሸተን ማርያም ለመሳለም የሚወጣውም፣ ለቅዳሜ ገበያ ከገጠር የሚመጣውም ዳገት ቁልቁለቱን ይለካል።

አሜሪካ ውስጥ በዱክ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ ሙከራ ድብርት ያለባቸውን 156 ጎልማሶችና አረጋውያን በሦስት ቡድን ከፈለ፦ እንቅስቃሴ፣ መድኃኒት፣ ሁለቱም በአንድነት። መድኃኒቱ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቶሎ ሠራ፤ ከ16 ሳምንት በኋላ ግን በቡድኖቹ መካከል ጉልህ ልዩነት አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ 14,170 ሰዎች የተሳተፉባቸው 218 ሙከራዎች ተጠቃለው ተመረመሩ፤ ድብርትን በማቅለል በኩል የእግር ጉዞና ሩጫ ከቀዳሚዎቹ ተርታ ተገኙ። እ.ኤ.አ. በ2015 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የተደረገ አነስተኛ ጥናት ደግሞ በተፈጥሮ አካባቢ 90 ደቂቃ የተጓዙ ሰዎች አሳዛኝ ሐሳብን ደጋግሞ ማብሰልሰላቸው እንደቀነሰ፣ በመኪና መንገድ ዳር የተጓዙት ላይ ግን ይህ እንዳልታየ አሳይቷል።

ድካም ሁሉ ግን ፈውስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 የቀረበ የጥናቶች ማጠቃለያ፣ በፈቃድ የሚደረግና ከቦታ ቦታ ለመሄድ የሚደረግ እንቅስቃሴ ከተሻለ የአእምሮ ጤና ጋር ሲያያዝ፣ የሥራ ግዴታ የሆነው ጉልበት ግን ከከፋ የአእምሮ ጤና ጋር እንደሚያያዝ አመልክቷል። ውኃና እንጨት ተሸክማ ዳገት የምትወጣ እናት ስለዚህ ሸክሟ ሊቀልላት እንጂ «ስፖርት ሠራሽ» ልትባል አይገባም።

ዜማና እስትንፋስ

በገና ጠዋት በቤተ ማርያም ካህናቱ ከፊሎቹ በዙሪያው ባለው የዐለት አፋፍ፣ ከፊሎቹ ከታች በግቢው ቆመው «ቤዛ ኩሉ»ን ሲያሸበሽቡ፣ አንድ ሆኖ መንቀሳቀስና አንድ ሆኖ ማዜም ይገናኛሉ። በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት ጀልባ ቀዛፊዎች ለየብቻ ከሠሩበት ይልቅ በኅብረት በሠሩበት ጊዜ ሕመም የመቻል ዐቅማቸው በጣም ከፍ እንዳለ አሳየ። ተመራማሪዎቹ ይህን ሰውነት ራሱ ከሚያመነጨው ሕመም አስታጋሽ፣ ከኢንዶርፊን ጋር ያያይዙታል። ከአምስት ዓመት በኋላ የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ አዲስ የተዋወቁ የመዝሙር ተማሪዎች፣ የእጅ ሥራ ወይም ድርሰት ከሚማሩት ይልቅ በፍጥነት እንደተቀራረቡ መዝግቧል።

በቀስታ መተንፈስም የራሱ ጥናት አለው። በጣሊያናዊ ሐኪም የሚመሩ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2001 በ23 ሰዎች ላይ ባደረጉት ልኬት፣ በመቁጠሪያ የሚደገም የላቲን ጸሎት እስትንፋስን በደቂቃ ወደ ስድስት ገደማ እንደሚያወርድ፣ የልብንና የደም ግፊትን ቅንጅትም እንደሚያሻሽል አገኙ። እ.ኤ.አ. በ2014 የተጠቃለሉ 47 የተመስጦ ሙከራዎች ደግሞ በጭንቀትና በድብርት ላይ መጠነኛ መሻሻል አሳይተዋል። ጸሎት ለአማኙ ከዚህ እጅግ የሚበልጥ ትርጉም አለው፤ ሳይንሱ የሚናገረው ሰውነት ላይ ስለሚተወው ፈለግ ብቻ ነው።

ማኅበር፣ ቡና፣ በጎነት

ከሁሉም የሚከብደው ማስረጃ በሰው ለሰው ግንኙነት ላይ ያለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የ308,849 ሰዎችን መረጃ የያዙ 148 ጥናቶች ሲጠቃለሉ፣ ጠንካራ ማኅበራዊ ትስስር ያላቸው ሰዎች በጥናቶቹ ዘመን በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው በ50 በመቶ ከፍ ያለ ሆኖ ተገኘ። የጽዋ ማኅበር፣ ሰንበቴ፣ እድር፣ ደቦና ወንፈል የሚያቆሙት ይህንኑ ትስስር ነው፤ ተራው የደረሰው ሰው ዝክሩን ሲያወጣ ዘመድ ጎረቤቱ ቤቱን ያያል፣ የጎደለበትንም ያውቃል።

ቡናም እዚህ ይገባል። 50,739 አሜሪካውያት ነርሶችን ለ10 ዓመት የተከታተለ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት፣ በቀን አራት ስኒና ከዚያ በላይ ከሚጠጡት መካከል በድብርት የተያዙት፣ ቡና እምብዛም ከማይጠጡት ጋር ሲነጻጸሩ፣ በ20 በመቶ ያነሱ መሆናቸውን አሳይቷል። ይህ ግንኙነትን እንጂ ምክንያትን አያረጋግጥም። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተብሎ ሲጠጣ ግን ከመጠጡ ጋር የጎረቤት ጨዋታ አለ፤ ከሁለቱ ማስረጃው የሚጸናው ለጨዋታው ነው።

መስጠትም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት ገንዘብን ለራስ ከማዋል ለሌላ ማዋል የበለጠ ደስታ እንደሚሰጥ አሳየ፤ እ.ኤ.አ. በ2013 የ136 አገሮች መረጃ ሲታይም ደሃና ሀብታም አገር ሳይለይ ግንኙነቱ በአብዛኞቹ ተደግሟል። ላሊበላ ላይ ከሩቅ የመጣን ተሳላሚ እግር የሚያጥበው ሰው ለእንግዳው ብቻ ሳይሆን ለራሱም ይደርሳል።

ጦርነትና ሐዘን

በሰሜኑ ጦርነት ላሊበላ ከ2013 ክረምት እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ከእጅ ወደ እጅ ስትዘዋወር ቆይታለች፤ ከዚያም ወዲህ ግጭት አልራቃትም። ቱሪስቱ ቀረ፣ የአስጎብኚውና የሆቴል ሠራተኛው እንጀራ ተቋረጠ።

ምርምሩ እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለው። መከራ የደረሰበትን ሰው ወዲያው አስቀምጦ ያየውን ሁሉ እንዲዘረዝር ማድረግ እንደማይጠቅም፣ አንዳንዴም እንደሚጎዳ የተጠቃለሉ ጥናቶች አሳይተዋል። የዓለም ጤና ድርጅትም በምትኩ የሚመክረው ደኅንነትን ማረጋገጥን፣ ምግብና መጠለያን፣ ሳያስገድዱ ማዳመጥን፣ ከቤተሰብ ጋር ማገናኘትን ነው። ለቅሶ ቤት ሄዶ ዝም ብሎ አብሮ መቀመጥ፣ ንፍሮና እንጀራ ይዞ መድረስ፣ በ40ና በ80 ቀን መመለስ ከዚህ ምክር ጋር በእጅጉ ይቀራረባሉ። ሐዘኑ ወደ ድብርት ከተለወጠም፣ በትንንሽ ተግባር ቀኑን መልሶ ማደራጀት ይረዳል፤ 440 ሰዎች የተሳተፉበት፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ የእንግሊዝ ሙከራ ይህን መንገድ የተከተለ ቀላል ሕክምና ከተራቀቀው የንግግር ሕክምና እንዳላነሰ አሳይቷል።

ድንበሩ

ልማድ ከባድ ሕመምን ብቻውን አይፈውስም። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ በቡታጅራ የተካሄደው የረጅም ዘመን ክትትል፣ ከባድ የአእምሮ ሕመም በገጠር ኢትዮጵያም በብዛት እንዳለና ሰውን ከሥራና ከኑሮ እንደሚነቅል ዘርዝሯል። በጉራጌ ሶዶ ወረዳ በተደረገ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 በታተመ ሙከራ ደግሞ ስኪዞፍሬንያ ላለባቸው ሰዎች ከጤና ጣቢያ ሕክምናቸው ጋር በሰፈራቸው የማኅበረሰብ ድጋፍ ሲታከልላቸው፣ ከዓመት በኋላ ከሥራና ከኑሮ የሚያግዳቸው ችግር ሕክምና ብቻ ካገኙት ይልቅ ቀንሶ ተገኘ። ክኒን ወይስ ሰው፣ ጠበል ወይስ ሐኪም ብሎ ማማረጥ አያስፈልግም፤ ጠበል የሚጠመቅ ሕመምተኛ መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ የንስሐ አባቱ ሊመክረው ይችላል።

ከላይ ከተጠቀሱት ሙከራዎች አብዛኞቹ የተሠሩት በሀብታም አገሮች ነው። ማኅሌትን፣ ማኅበርንና የእግር ጉዞን በራሳቸው ቦታ መለካት የወልድያና የወሎ ዩኒቨርሲቲዎች ሊወስዱት የሚገባ ሥራ ነው። እስከዚያው ግን ቤተሰብ፣ ካህንና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አሁኑኑ ሊያደርጉት የሚችሉት አለ። ከማኅበሩ፣ ከሰንበቴው፣ ከቡናው የቀረ ሰው ሲኖር ብቸኝነት የድብርት ምልክትም መንሥኤም ነውና «ለምን ቀረ?» ብሎ ከማማት በፊት ቤቱ ድረስ ሄዶ መጠየቅ፣ እንቅልፍና ምግብ ከራቀው ወይም ስለ ሞት ማውራት ከጀመረ ደግሞ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ተቋም ይዞት መሄድ ያስፈልጋል።