ባትሪ የሚሞተው በሐምሌ ነው

የኤሌክትሪክ መስመር ባልደረሰበት የገጠር ቀበሌ አነስተኛ ሶላር ያስገባ ቤተሰብ ወይም ባለሱቅ የሚያሰማው ስሞታ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ «ባትሪው ቻርጅ አይዝም»። ከተገዛ ሁለት ዓመት ባልሞላው ባትሪ ገና ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ሳይሆን መብራቱ ይደክማል፣ ቴሌቪዥኑ ይጠፋል። ፍርዱም ወዲያው ይሰጣል፦ ባትሪው ፎርጅድ ነው፣ ካልሆነም አንሷልና ትልቅ ይገዛ። በገበያው ፎርጅድ ባትሪ መኖሩን አልክድም። ነገር ግን ደህናውም ባትሪ ያለ ዕድሜው የሚሞተው በአብዛኛው ከጣሪያው ላይ ያለው ፓኔል የሚበቃውን ስለማያጎርሰው ነው። ስለዚህ ትርፍ ገንዘብ የተገኘ እንደሆነ መጀመሪያ መዋል ያለበት ለፓኔል ነው እላለሁ። ባትሪ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ፓኔሉን እንደ አዝመራ፣ ባትሪውን እንደ ጎተራ እንቁጠራቸው። ቻርጅ ኮንትሮለሩ ደግሞ እህሉን እየሰፈረ የሚያስገባና ጎተራው ሊራቆት ሲል በሩን የሚዘጋ ሰው ነው። ጎተራ ስለሰፋ አዝመራ አይጨምርም። ይህ ለእህል ሲነገር ሁሉም የሚስማማበት ነገር ነው፤ ለመብራት ሲሆን ግን ይዘነጋል፤ ምክንያቱም ባትሪ ከባድና የሚጨበጥ ዕቃ ስለሆነ ኃይሉ ከእሱ የሚመነጭ ይመስላል።

ነገሩን በቁጥር እንየው። 5 ዋት የሆኑ 4 አምፖሎች ለ5 ሰዓት ሲበሩ 100 ዋት ሰዓት ይበላሉ። 25 ዋት የሚወስድ ትንሽ የዲሲ ቴሌቪዥን ለ4 ሰዓት ሌላ 100 ይወስዳል። 5 ስልኮች ቻርጅ ሲደረጉ፣ ለአንዱ 15 ብንይዝለት፣ 75 ነው። ድምሩ በቀን 275 ዋት ሰዓት ይመጣል። ሊድ አሲድ ባትሪ የተቀበለውን ሁሉ አይመልስም፣ ሽቦውም የራሱን ድርሻ ያስቀራል፤ ስለዚህ 275 ለማውጣት 350 ገደማ ማስገባት ያስፈልጋል። አሁን አንድ ባለ 100 ዋት ፓኔልና አንድ ባለ 12 ቮልት፣ 100 አምፒር ሰዓት ባትሪ እንውሰድ። ፓኔሉ 100 ዋት የሚባለው 5.5 አምፒር በ18 ቮልት ሲሰጥ ነው። ፒደብሊውኤም የሚባለው ተራ ኮንትሮለር ግን ፓኔሉን ወደ ባትሪው ቮልቴጅ ጎትቶ ያወርደዋል፤ ስለዚህ የሚገባው 5.5 አምፒር በ13 ቮልት፣ ማለትም 72 ዋት ያህል ብቻ ነው። የቀኑ ብርሃን ሁሉ ተጨምቆ እንደ ቀትር ፀሐይ ቢቆጠር በበጋ 5 ሰዓት ይሆናል ብንል 360 ዋት ሰዓት እናገኛለን፤ ለጥቂት ይበቃል። ክረምት ገብቶ የደጋው ደመና ይህን ወደ 3 ሰዓት ቢያወርደው ግን የሚገኘው 215 ነው። በየቀኑ 135 ይጎድላል ማለት ነው።

ባትሪው ሲሞላ 1200 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ ዕድሜው እንዳያጥር ከግማሽ በታች መውረድ ስለሌለበት የሚሠራበት 600ው ነው። ጉድለቱ 135 ከሆነ በግርድፉ በ4 ቀን ተኩል ግማሽ ላይ ይደርሳል። ባለቤቱ ሌላ 100 አምፒር ሰዓት ባትሪ ቢጨምርበት ግማሽ ላይ የሚደርሰው በ9 ቀን ይሆናል። ያን ሁሉ ገንዘብ አውጥቶ ያተረፈው 4 ቀን ተኩል ነው፤ ክረምቱ ደግሞ ሦስት ወር ነው። በባትሪው ፈንታ ሁለተኛ ባለ 100 ዋት ፓኔል ቢጨምር ኖሮ የክረምቱ ምርት 430 ይሆን ነበር። ከሚያስፈልገው 350 ይበልጣል፤ ባትሪውም በሐምሌ ሳይቀር ይሞላል።

መሙላቱ ደግሞ የመብራት ሰዓት ከማስረዘም አልፎ የባትሪውን ነፍስ የሚመለከት ጉዳይ ነው። ሊድ አሲድ ባትሪ ሲራገፍ የውስጥ ፕሌቶቹን ሊድ ሰልፌት ይለብሳቸዋል። ቶሎ ቻርጅ ከተደረገ ይህ ልባስ ይሟሟል። ለሳምንታት በግማሽ ሆድ ከሰነበተ ግን እየጠጠረ ይሄዳል፣ ከዚያ በኋላ ቻርጅ አይመልሰውም፤ የፕሌቱ የተወሰነ ክፍል ለዘለዓለም ከሥራ ወጣ ማለት ነው። «ቻርጅ አይዝም» የሚባለው ባትሪ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው፤ በሐምሌና በነሐሴ የተጎዳው በጥቅምት ይታወቅበታል። በዚያ ላይ ውኃ የሚጨመርበት ዓይነት ባትሪ ከአቅሙ 10 በመቶ አካባቢ በሆነ አምፒር ሲሞላ ይስማማዋል። ለ100 አምፒር ሰዓት 10 አምፒር ማለት ነው። አንድ ባለ 100 ዋት ፓኔል 5.5 ይሰጣል፤ ሁለቱ 11። በአንድ ፓኔል ላይ 200 አምፒር ሰዓት ባትሪ የጫነ ሰው 3 በመቶ እንኳ አያደርሰውም። አሮጌ ባትሪ ከአዲስ ጋር ሲጣመርም ጉዳቱ ይብሳል፤ ደካማው ብርቱውን እየጎተተ ያወርደዋል።

የመጀመሪያው ተቃውሞ ተገቢ ነው። ፀሐይ ጭራሽ የማትወጣባቸው ቀኖች አሉ፤ ያን ጊዜ የሚያሳድረው ባትሪ እንጂ ፓኔል አይደለም ይባላል። እውነት ነው፣ የሁለት ሌሊት ስንቅ ያስፈልጋል፤ ከላይ የተቆጠረው 600 ዋት ሰዓት ግን ለሁለት ሌሊት ይበቃል። ከዚያ በላይ ያለው ስንቅ መሙያ ካልተገኘለት ባዶ ጎተራ ነው። ደመና ሲኖርም ፓኔል ፈጽሞ አይተኛም፤ ጥቂት ይሰጣል፣ የዚያ ጥቂት እጥፍ ደግሞ ዋጋ አለው። ሁለተኛው ተቃውሞ ፓኔል ሲበዛ ባትሪ ያቃጥላል የሚል ነው። ያለ ኮንትሮለር በቀጥታ ለሚያገናኝ ሰው ስጋቱ ልክ ነው። ኮንትሮለር ካለ ግን ባትሪው 14.4 ቮልት አካባቢ ሲደርስ መጠኑን ይቀንሳል፤ 11 አምፒርም ለ100 አምፒር ሰዓት ባትሪ የሚያስፈራ አይደለም። የሚያስፈራው ለዚህ 11 አምፒር ባለ 10 አምፒር ኮንትሮለር መግዛት ነው፤ ባለ 20 ይሁን። ስለ ወጪውም ቢሆን፣ ፓኔል ከ20 ዓመት በላይ ሊያገለግል የሚችል ዕቃ ሲሆን ሊድ አሲድ ባትሪ ተጠብቆም በጥቂት ዓመታት ይለወጣል። በበጋ ትርፍ ኃይል ይባክናል ለሚል ሰው መልሱ አዎ ነው፤ ባክኖም ያዋጣል።

አቀማመጡም ከክረምቱ ጋር ጉዳይ አለው። ፓኔል ወደ ደቡብ ይዙር የሚለው ምክር ከሩቅ ሰሜን አገሮች የመጣ ነው። አዲስ አበባ ላይ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ የቀትር ፀሐይ ያለችው በስተሰሜን ነው። ፓኔሉን ወደ ደቡብ አቁሞ መስቀል ብርሃን በሚያንስበት ወቅት ጀርባ እንዲሰጣት ማድረግ ነው። ዝናብ አቧራውን እንዲያጥበው 10 ወይም 15 ዲግሪ ማዘንበሉ በቂ ነው።

ኮንትሮለር ሲመረጥ ክርክሩ ኤምፒፒቲ ይሻላል ወይስ ፒደብሊውኤም የሚል ነው፤ መልሱ ያለው በፓኔሉ ጀርባ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ነው። ባለ 36 ሴሉ ፓኔል የሚሠራው 18 ቮልት አካባቢ ስለሆነ ከ12 ቮልት ባትሪ ጋር በተራው ኮንትሮለር ይስማማል። ባለ 60 ሴሉ 250 ዋት ፓኔል ግን በ30 ቮልት 8.2 አምፒር ያህል የሚሰጥ ነው። በፒደብሊውኤም 8.2 አምፒሩ በ13 ቮልት ይገባና 107 ዋት ይሆናል፤ ከግማሽ በላይ ይጠፋል። ኤምፒፒቲ ትርፉን ቮልት ወደ አምፒር ስለሚለውጥ እስከ 18 አምፒር ያስገባል። አየሩም ለውጥ ያመጣል፤ ፓኔል በሞቀ ቁጥር ቮልቱ ስለሚወርድ በሰመራ ሙቀት ባለ 36 ሴሉ ወደ 15 ቮልት ይጠጋል፣ ኤምፒፒቲም የሚለውጠው ትርፍ አያገኝም። በደብረ ብርሃን ብርድ ግን ትርፉ ሰፊ ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ እዚህ ላይ አለ። በላዩ ኤምፒፒቲ ተብሎ የተጻፈበት ሁሉ ኤምፒፒቲ አይደለም። ባለ 60 ሴል ፓኔል አገናኝቶ በጠራ ፀሐይ ባልሞላ ባትሪ ላይ መለካት ነው፤ ወደ ባትሪው የሚገባው አምፒር ከፓኔሉ ከሚመጣው ካልበለጠ ስሙ ብቻ ነው። ሌላው የቮልት ጣሪያው ነው። 75 ቮልት በሚችል ኮንትሮለር ላይ 38 ቮልት የሚያሳዩ ሁለት ፓኔሎች በሲሪየስ ቢገናኙ 76 ይሆናሉ፤ በብርዳማ ንጋት 80 ይደርሳሉ። ደህና ኤምፒፒቲ የበዛ አምፒርን ቆርጦ ያልፈዋል፣ የበዛ ቮልት ግን ያነደዋል።

ሊቲየም ባትሪ ይህን ሁሉ አስቀረ የሚሉ አሉ። በከፊል ልክ ናቸው፤ ሊቲየም አይረን ፎስፌት በግማሽ ሆድ ቢሰነብት አይጎዳም፣ ከአቅሙ 80 በመቶውን መጠቀምም ይቻላል። የጎደለው 135 ዋት ሰዓት ግን እንደጎደለ ነው፤ ባትሪው ሳይሞት መብራቱ ይጠፋል። ኮንትሮለሩም ለሊቲየም የሚሆን ማስተካከያ ያለው መሆን አለበት።

የራስን ቤት ለመመርመር አንድ መልቲሜትር ይበቃል። በነሐሴ ለሦስት ተከታታይ ቀናት ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ድረስ የባትሪውን ጫፎች በየሰዓቱ መለካት ነው። አንዴም 14.4ን ያልነካ ሊድ አሲድ ባትሪ በዚያ ቀን አልሞላም። በማግሥቱ ንጋት ሁሉ ነገር ጠፍቶ ካረፈ በኋላ 12.7 ካሳየ ጠግቧል፤ 12.2 ግማሽ ነው፤ 11.8 ባዶ ሊሆን ጥቂት ቀርቶታል። ብዙዎቹ ርካሽ ኮንትሮለሮች ከፋብሪካ ሲመጡ ከ11 ቮልት በታች እንዲቆርጡ ተደርገው ስለሆነ ቁጥሩን ወደ 11.8 ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ይህ ዕቃዎቹ እየሠሩ ሳለ የሚነበበው ቮልት እንጂ ባትሪው ካረፈ በኋላ የሚለካው አይደለም። ሦስቱም ቀን ካልሞላ የመጀመሪያውን ፓኔል የሚመስል ሁለተኛ ይገዛና ፖዘቲቩ ከፖዘቲቭ፣ ኔጋቲቩ ከኔጋቲቭ ይታሰራል፤ ሥራው ሲጀመር መጀመሪያ የሚነቀለው የፓኔሉ ሽቦ ነው፣ ሲመለስ ደግሞ መጀመሪያ የሚሰካው የባትሪው።