ፀሐይ ላይ የዋለ ውሃ ሁሉ ንጹሕ ነው?

ተረት፦ ፀሐይ የመታው ውሃ ከማንኛውም ብክለት ይጸዳል።

እውነታ፦ ጥርት ያለ ውሃ በሃይላንድ ጠርሙስ ሞልቶ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ማጋደም ሞኝነት አይደለም። 6 ሰዓት ሙሉ ጠንካራ ፀሐይ ከመታው፣ ደመና ከበዛም 2 ቀን ከቆየ፣ ተቅማጥ የሚያመጡ ጀርሞች አብዛኞቹ ይሞታሉ። የአረም ማጥፊያ ወይም የፋብሪካ ቀለም የገባበት ውሃ ግን በዚያው ጊዜ ይጸዳል ብሎ መጠጣት አደጋ ነው።

ብርሃን አንድን ሞለኪውል በቀጥታ የሚሰብረው ሞለኪውሉ ብርሃኑን ሲውጠው ብቻ ነው። ከ290 ናኖሜትር በታች ያለውን ጨረር ከባቢ አየር ስለሚያስቀረው ምድር ላይ አይደርስም። ብዙ በካዮች የሚውጡት ደግሞ እሱኑ ነው። የሚደርሰውን ጨረር የሚውጡትማ ይሰበራሉ፤ ዳይክሎፌናክ የተባለው የሕመም ማስታገሻ በስዊዘርላንዱ ግራይፈንዜ ሐይቅ በፀሐይ ብርሃን ቶሎ እንደሚጠፋ እ.ኤ.አ. በ1998 ታይቷል። ለሌሎቹ ረዳት ያስፈልጋል። የግድግዳ ቀለምን የሚያነጣው ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ አልትራቫዮሌት ሲያርፍበት ከውሃው ሃይድሮክሲል ራዲካል ይፈጥራል። ይህ ራዲካል ዕድሜው እጅግ አጭር ቢሆንም ያገኘውን ኦርጋኒክ ነገር ሁሉ ማለት ይቻላል ያጠቃል።

ተረት፦ ቀለሙ ከጠፋ መርዙም ጠፍቷል።

እውነታ፦ ከሁሉ የሚያሳስበኝ ይህኛው ነው፤ ዐይን የሚያታልለው እዚህ ላይ ነውና። ጨርቅ ከሚነከርባቸው ቀለሞች ብዙዎቹ አዞ (azo) ይባላሉ። ቀለማቸውን የሚያገኙት ሁለት ናይትሮጅኖች ከተያያዙበት ድልድይ ነው። ድልድዩ ሲቆረጥ ቀይ የነበረው ውሃ እንደ ምንጭ ውሃ ጥርት ይላል። ቁርጥራጮቹ ግን እዚያው ሟሙተው ቀርተዋል፤ ከነሱም መካከል ካንሰር የሚያመጡ አሚኖች ሊኖሩ ይችላሉ። በፀረ ጀርም ሳሙና ይገባ የነበረው ትሪክሎሳንም ፀሐይ ሲሰብረው ከፊሉ ዳይኦክሲን ከሚባለው የመርዝ ቤተሰብ ወደሆነ ውህድ ይለወጣል። ለዚህ ነው ጠንቃቃ ላቦራቶሪ ቀለሙን አይቶ የማያቆመው፤ በውሃው የቀረውን ጠቅላላ ኦርጋኒክ ካርቦን ይለካል።

ተረት፦ ፍሎራይድም በፀሐይ ይቀንሳል።

እውነታ፦ አይቀንስም። የስምጥ ሸለቆ ጉድጓዶችን የሚያስቸግረው ፍሎራይድ ተበትኖ የሚጠፋ ሞለኪውል አይደለም፤ ጠርሙሱ ወር ሙሉ ጣሪያ ላይ ቢውልም መጠኑ ያው ነው። ማፍላት ደግሞ ውሃውን እያተነነ ያበዛዋል። የጥርስ መበለዝ የፍሎራይድ ምልክት ሊሆን ስለሚችል፣ ጥርሳቸው የበለዘ ልጆች ባሉበት ሰፈር ውሃው ይመርመር፤ እስከዚያው ሌላ ምንጭ ካለ ልጆቹን ከዚያ አጠጧቸው።