«የፋይሉ ስም ረጅም ነው» ሲል ኮምፒውተሩ ምን ማለቱ ነው?

በቃታሞኒምም ሆነ በሌላ ሰፈር ብዙ ቤተሰብ ዛሬ ጉዳዩን የሚያስፈጽመው ሰነድ ስካን አድርጎ በኢንተርኔት በመላክ ነው። የደመወዝ ትሉሽ፣ ተዑዳት ዘሁት፣ የቤት ኪራይ ውል ሁሉ በፋይል ይሄዳል። ታዲያ አንዳንድ ጊዜ ኮምፒውተሩ «ሼም ሀኮቬጽ አሮክ ሚዳይ» ብሎ ይመልሳል። የፋይሉ ስም ከመጠን በላይ ረዝሟል ማለቱ ነው።

ይህ መልእክት ሰነዱ ተበላሽቷል ወይም መሥሪያ ቤቱ ጥያቄውን ውድቅ አድርጓል ማለት አይደለም። ነገር ግን ፋይሉ አልደረሰም። ሳይስተካከል የማስረከቢያው ቀን ካለፈ የሚገባችሁ መብት ሊያልፋችሁ ይችላል።

ስህተቱ ከየት ይመጣል?

አንደኛ፣ ዊንዶውስ የሚቆጥረው የፋይሉን ስም ብቻ አይደለም። ፋይሉ የተቀመጠባቸውን ፎልደሮች ስም ሁሉ ደምሮ ይቆጥራል። የቆየው ወሰን 260 ምልክት ነው። ከ2016 ወዲህ በዊንዶውስ 10 ወሰኑን ማንሳት ይቻላል፤ ይሁን እንጂ ፕሮግራሙ ራሱ ካልተዘጋጀለት አይሠራም። በድርጅቶች ኮምፒውተር ፎልደር በፎልደር ውስጥ ስለሚደራረብ፣ ስሙ አጭር የሆነ ፋይል እንኳ ሊከለከል ይችላል። ሼርፖይንት ደግሞ እስከ 400 ምልክት ስለሚፈቅድ፣ እዚያ በደህና የተቀመጠ ፋይል ወደ ኮምፒውተር ሲወርድ እምቢ ሊል ይችላል።

ሁለተኛ፣ የእኛ ፊደል ሰፊ ቦታ ይይዛል። ብዙ የኢንተርኔት ሰርቨሮች የሚሠሩበት ሊኑክስ ለአንድ የፋይል ስም በአብዛኛው 255 ባይት ይፈቅዳል። አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል 1 ባይት፣ የዕብራይስጥ 2፣ የአማርኛ ደግሞ 3 ባይት ይወስዳል። ስለዚህ በእንግሊዝኛ 255 ፊደል የሚይዘው ቦታ፣ በአማርኛ 85 ፊደል ብቻ ይይዛል። የባለቤቱ ስም ከነአባቱና ከነአያቱ፣ የሰነዱ ዓይነትና ቀን ሲጨመርበት ቶሎ ይሞላል።

ምን ይደረግ?

1. ፋይሉን ዴስክቶፕ ላይ ኮፒ አድርጉ። እምቢ ካለ በመጀመሪያ የፎልደሮቹን ስም አሳጥሩ።

2. ስሙ የሰነዱን ዓይነትና ቀን ብቻ ይያዝ፤ ለምሳሌ «ትሉሽ 2024-03»። በስሙ መጨረሻ ከነጥብ በኋላ ያለውን፣ እንደ ፒዲኤፍ ያለውን፣ አትንኩ።

3. በሥራ ቦታ ከሆነ የጋራ ፎልደር ስም ከመለወጣችሁ በፊት ለኮምፒውተር ክፍሉ ንገሩ፤ ሌሎች ሠራተኞች ፋይላቸውን ሊያጡት ይችላሉ።

4. አሁንም ካልሄደ፣ መልእክቱን ከነቀኑ ፎቶ አንሡና ቀነ ገደቡ ሳይደርስ ወደ መሥሪያ ቤቱ ደውሉ። ከሄደላችሁ ደግሞ የመቀበያ ቁጥሩን ጽፋችሁ አስቀምጡ። ለመላካችሁ ማስረጃው እርሱ ነው።