በላፕቶፕ ሆድ ውስጥ ያለችው የመዳብ ቱቦ

ላፕቶፕ ሲግል ሁሉም የሚወቅሰው ፋኑን ነው፤ የሚጮኸው እሱ ነዋ። ድምፅ ሳታሰማ ዋናውን ሥራ የምትሠራውን ጠፍጣፋ የመዳብ ቱቦ ግን የሚያውቃት ጥቂት ነው። እኔ ከኮምፒውተር ዕቃዎች ሁሉ እሷን አስበልጬ እወዳለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው፦ ፕሮሰሰሩ የሚወስደው ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል ሁሉም ሙቀት ይሆናል፤ ያ ሙቀት ከሳጥኑ መውጣት አለበት። ከፕሮሰሰሩ ተነሥታ ፋኑ አጠገብ እስካሉት ስስ የብረት ክንፎች ድረስ የምታደርሰው ቱቦዋ ናት።

ብዙ ሰው፣ ላፕቶፕ የሚፈታ ባለሙያ ጭምር፣ ድፍን መዳብ ትመስለዋለች። አይደለችም። ውስጧ ክፍት ነው። አየሩ ተመጥጦ ወጥቶ ጥቂት ንጹሕ ውኃ ገብቶባታል፤ ከዚያ ሁለቱም ጫፎቿ ተደፍነዋል። የውስጥ ግድግዳዋ ደግሞ በመዳብ ዱቄት ወይም በቀጭን የሽቦ መረብ ተለብጧል። ውኃ አዲስ አበባ ላይ በ92 ዲግሪ ገደማ የሚፈላው የአየሩ ግፊት ዝቅ ስላለ ነው። ቱቦዋ ውስጥ ግፊቱ ከዚያም እጅግ ስለሚያንስ በ40 ዲግሪም ይተናል። በሞቀው ጫፍ እንፋሎት ሆኖ ይነሣል፤ ወደ ቀዝቃዛው ጫፍ ይሮጣል፤ የድስት ክዳን ላብ እንደሚቋጥረው እዚያ ተመልሶ ውኃ ይሆናል፣ ሙቀቱንም ለክንፎቹ ያስረክባል። ውኃውን መልሶ የሚስበው ያ የመዳብ ዱቄት ነው። ሞተር የላትም፣ ፓምፕ የላትም፤ ሆኖም የሷን ያህል ውፍረት ካለው ድፍን መዳብ ብዙ እጥፍ ሙቀት ታሻግራለች።

ሐሳቡን የጄኔራል ሞተርሱ ሪቻርድ ጎግለር በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በፓተንት አስመዝግቦት ነበር፤ ብዙም ሳይሠራበት ቆየ። በ1963 አሜሪካ፣ ሎስ አላሞስ ውስጥ ጆርጅ ግሮቨር በራሱ መንገድ ደርሶበት ሠራው። ያኔ የታሰበው ለጠፈር ሥራ ነበር። ዛሬ ጉልበታችሁ ላይ ተቀምጧል።

ስለዚህ ላፕቶፕ የምትፈቱ ወንድሞችና እህቶች፣ እባካችሁ ቱቦዋን አትጠምዝዟት። «ትንሽ ብትጎብጥ ምን አለበት» አይባልም፤ የውስጡ ዱቄት ከተሰነጠቀ ውኃው መመለሻ ያጣል፣ ቱቦዋም ተራ መዳብ ሆና ትቀራለች።

ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የቱቦዋም የፋኑም አይደለም። አንዲት የጎረቤቴ ልጅ ፋን አስቀይራ፣ ከሥር የሚደረግ ማቀዝቀዣም ገዝታ፣ ላፕቶፕዋ ጽሑፍ እየጻፈች ሳለ ይጠፋባት ነበር። ስከፍተው በፋኑና በክንፎቹ መካከል አቧራ እንደ ብርድ ልብስ ተደርቦ አገኘሁት። ፋኑ በደንብ ይዞራል፤ ነፋሱ ማለፊያ የለውም። ከውጭ በቀዳዳው ሲያዩት ይህ አቧራ አይታይም፤ ፋኑ መነሣት አለበት። በአየር የምታጸዱ ከሆነም ፋኑን በጣታችሁ ያዙት፣ ከመጠን በላይ ፈጥኖ ከተሽከረከረ ይጎዳል።

አልጋ ላይ የምትሠሩትን ደግሞ ልቆጣ። የብዙ ላፕቶፖች አየር መሳቢያ በሆዳቸው በኩል ነው፤ ፍራሽና ትራስ ያፍኑታል። በተለይ አዲስ አበባ ላይ አየሩ ከባሕር ጠለል በሩብ ገደማ ስለሚሳሳ ፋኑ በእኩል ዙር የሚያወጣው ሙቀት ያነሰ ነው። እዚህ ማፈን ይበልጥ ይጎዳል። ጠረጴዛ ከሌለ ሰፋ ያለ ትሪ ይበቃል።

ፕሮሰሰሩ ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጋ ራሱን ያዘገያል፣ ካልሆነም ያጠፋል። ባትሪውን ግን ይህ አያድነውም፤ ሙቀት ዕድሜውን ይበላዋል። ካበጠ አትጠቀሙበት፣ አትብሱትም፤ ወዲያው ወደ ባለሙያ ውሰዱት።

በፕሮሰሰሩና በመዳቡ መካከል የሚቀባው ቴርማል ፔስትም ከዓመታት በኋላ ይደርቃል፤ ላፕቶፑ ለጽዳት በተከፈተ ጊዜ አብሮ ይታደስ። ጠጋኙ ፋን ይቀየር ካላችሁም ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ፋኑን አንሥቶ ክንፎቹን እንዲያሳያችሁ ጠይቁት።